ታካሚዋን ካለችበት ያነሳል

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ዕድሜውን ሙሉ "ምነው ዘገየህ?" ሲባል ለኖረ የአምቡላንስ ሰው የግድግዳ ሰዓት! የመረጠው ሰው ክፋት ያሰበ አይመስለኝም፤ ሱቁ ውስጥ ያገኘው እሱን ይሆናል። ሚስቴ "ሳሎን ልስቀለው" ብትል እምቢ አልሁ። ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

የወጣሁት ደብረ ማርቆስ ካለ የአምቡላንስ ጥሪ ክፍል ነው። የመጨረሻው ሥራዬ ምን እንደነበር ስናገር ሰው ይስቃል፤ ለማሽን መጻፍ ነበር። የደዋዩን ቃል ሰምቶ የሚመልስ፣ መኪና የሚያሰማራ ማሽን አለ። ያ ማሽን የትኛውን ትእዛዝ መቼ እንደሚጠቀም የሚያውቀው ሰው ከጻፈለት መግለጫ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ከጻፍናቸው መግለጫዎች አንዱ "ታካሚዋን ካለችበት ያነሳል" ይላል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ይታይሽ የምትባል እናት ሞታለች። ኔትወርክ ነው የገደላት የሚል አለ፤ መንገድ ነው የሚል አለ፤ ቀኗ ደርሶ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ። የገደላት ዓረፍተ ነገር ነው።

ያደግሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ይጁቤ አካባቢ ካለ ገጠር ተወልጄ፣ ትዳር ከያዝሁ በኋላ በአንድ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆንሁ። ዘበኛ ስሙ ነው እንጂ ሥራዬ ቃሬዛ መቀበል ነበር። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሴት ምጥ ሲጠናባት ወንዶች በትከሻቸው ተሸክመው ያመጧታል፤ እኔ በሩ ላይ ተቀብዬ አስገባለሁ። አንዳንዷ በዚያው ቃሬዛ ተሸፍና ትመለሳለች። ኋላ አምቡላንስ ሲመጣልን ሹፌሩ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱ ሲታመም መኪናው ይቆማል። "እኔ መንዳት ልማር" አልሁ። ኃላፊው ሳቀብኝ። "መጀመሪያ ስምህን ጻፍ!" አለኝ። ነፍሱን ይማረው፤ ሳቁን ግን አልማርሁለትም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ አያሌው ናቸው። የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተማሪ ጠፍቶ ጉባኤያቸው ሲበተን ከእኛ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ሲቀልላቸው እኛን ጎልማሶቹን ሰብስበው ያስተምሩን ነበር፤ እኔ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ከገበያ የተረፈ ገበሬም ይቀላቀላል። እንደ ሕፃን "ሀ፣ ሁ" እያስባሉ አላስጮሁንም። በተጣለ ካርድ ጀርባ አንድ ቃል ይጽፉና "ይህ ቃል ስንት በር አለው?" ይላሉ።

አንድ ቀን "ሳለ" ብለው ጻፉ።

"ቢላ ሳለ" አለ አንዱ ገበሬ።

"አንድ በር።"

"ጉንፋን ይዞት ሳለ።"

"ሁለት።"

"ሥዕል ሳለ" አለች አንዷ።

"የሥዕሉ ንጉሡ ሠ ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸውና ግቢ። ሦስት።"

"የኔታ፣ በር ሲበዛ ሌባ ይገባል እኮ" አልኋቸው እኔ። ዘበኛ አይደለሁም?

ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። "አንተ ዘበኛ! ሌባውን ነው እኮ ቅኔ የምንለው!"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጻፍነውን ሲያርሙ እስክሪብቶ አይዙም። አውራ ጣታቸውን አንዱ ቃል ላይ ይጭኑና "ይህ ቢሞት ማን ያለቅስለታል?" ይላሉ። ቃሉ ተሸፍኖ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ቃሉ ይወጣል። "የሚያለቅስለት የለውም፤ ቅበሩት።" መጻፍን የተማርሁት በዚያ አውራ ጣት ሥር ነው። እስካሁን ረጅም ነገር ስጽፍ ጥፍራቸው ይታየኛል።

መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ደምበጫ ነዳሁ፣ ጉንደ ወይን ነዳሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የሚወራ አልነበረውም። የመኪናውን ሥራ ግን እችለው ነበር። ደምበጫ በገበያ ቀን ሳይረን ምንም አይሠራም፤ ባጃጁ እልህ ይይዘዋል፣ ፈረሱ ይበረግጋል። ሳይረኑን አጥፍቼ ራሴን በመስኮት አውጥቼ "ምጥ ነው! ምጥ ነው!" እላለሁ። ያኔ ባለ ጋሪው ሳይቀር ይወርድልኛል። ጉንደ ወይን ሳለሁ የየቀበሌው ቄስ የስልክ ቁጥሬን ይዞ ነበር። መንገዱ በማይገባበት ሰዎቹ እስከ አስፋልቱ ተሸክመው ያወጣሉ፤ እኔ እዚያ እጠብቃለሁ። ማንም ያላወጀው ውል ነበር። ቃሬዛው ከተነሳ መኪናው ይመጣል፤ መኪናው ከመጣ ቃሬዛው ይነሳል።

ጉልበቴ ሲበላሽ ደብረ ማርቆስ ጥሪ ክፍል አስገቡኝ። እዚያ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? መሪጌታ! ጡረታ ወጥተው፣ ለእጅ ጽሑፋቸው ሲባል በኮንትራት ተመልሰው፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ የሚጠባበቁትን ታካሚዎች ስም ይጽፋሉ። ታካሚ ጤና ተቋም መድረሷ ሲረጋገጥ ስልኩ ላይ ያለነው "የኔታ፣ ያቺን የደምበጫዋን አንሷት!" እንላለን፤ እሳቸው ብጣሽ ጨርቃቸውን ይዘው ስሟን ያጠፋሉ። በዚያ ክፍል ማንሳት ማለት ይኸው ነበር፤ ስም ማጥፋት። ደግ ቃል ነበር። አንዲት ተነሳች ማለት አንዲት ተረፈች ማለት ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ይዛው የመጣችው ራሕማ የምትባል፣ ከወሎ መጥታ ከተማችን የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። "ይህ ወኪል ይባላል" ብላ ስታስረዳን መሪጌታ እጃቸውን አወጡ።

"ውክልናውን ማን ሰጠው?"

"ኃላፊያችሁ፣ አባባ።"

"እሱስ ለራሱ ውክልና መቼ አገኘ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊያችን ግን አልሳቀም።

ራሕማ ጎበዝ ናት። የነገረችንን እንዳለ ልጻፈው። "ማሽኑ እጅ የለውም" አለች። "እጆቹ እኔ የሠራሁለት ትእዛዞች ናቸው። ስለ እያንዳንዱ እጅ የሚያውቀው ደግሞ እናንተ የምትጽፉትን ብቻ ነው። ይህን ክፍል አያየውም። ሰሌዳውን አያውቀውም። የመሪጌታን ጨርቅ አያውቀውም። ስለዚህ ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ ጻፉለት፣ መቼ እንደሚያስፈልግ ጻፉለት፣ ምን እንደማይሠራም ጻፉለት።"

"የማይሠራውን ጽፈን መቼ እናልቃለን?" አልኋት። "መኪና የሚመድበው ትእዛዝ እንጀራ አይጋግርም ብዬ ልጻፍ?"

"እንጀራውን ይተዉት ጋሼ፤ ሰው ሊስተው የሚችለውን ይጻፉ።"

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ "ነጻ መኪና ይፈልጋል" ብዬ ጻፍሁ። በሙከራው ዕለት ማሽኑ ከጤና ጣቢያ የደወለን አንድ ገበሬ "ነጻ መኪና የለም" አለው፤ ገበሬው "እከፍላለሁ! በሬዬን እሸጣለሁ!" ብሎ አለቀሰ። ነጻ ማለት ሥራ ያልያዘ ለማለት ነበር። "ሥራ ላይ ያልሆነ መኪና ይፈልጋል" ብለን ቀየርነው። ሰዓት አስቸገረን፤ ለእኛ ሦስት ሰዓት የሆነው ለኮምፒውተሩ ሌላ ነው፤ "በሀገራችን አቆጣጠር፣ ከጧቱ" እያልን ጻፍን። "ማዶ" የሚለውን ቃል ከነጭራሹ አወጣነው፤ ከየት ቆመህ ነው ማዶ? መሪጌታ ተደሰቱ። ዕድሜ ልካቸውን በር ሲከፍቱ የኖሩ ሰው አሁን በር ሲዘጉ ዋሉ። "ይህ ደግሞ ስንት በር አለው?" እያሉ እንደ ልጅ ይቦርቁ ነበር።

ሰሌዳውን የሚተካው ትእዛዝ ላይ ስንደርስ እኔ "ታካሚዋን ካለችበት የተጠባባቂ ተራ ያነሳል" ብዬ ጻፍሁ። መሪጌታ አነበቡት። አውራ ጣታቸው መጣች፤ "የተጠባባቂ ተራ" የሚለው ላይ አረፈች።

"ይህ ቢሞት ማን ያለቅስለታል?"

አየሁት። ዓረፍተ ነገሩ ቆሟል። እንዲያውም አማረ።

"ማንም" አልሁ።

ቀበርነው። ታካሚዋን ካለችበት ያነሳል።

ራሕማ ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር ለመነችን። "ይህን ክፍል የማያውቅ ሰው ያንብበው።" እኔ ተቆጣሁ። "መሪጌታ አያሌው ያለፉትን ቃል ደግሞ ማን ያየዋል?" አልኋት። እሷ መሪጌታን አየቻቸው፤ አንገቷን ደፋች፤ ሽማግሌ አክባሪ ናት። ኃላፊያችን በበኩሉ ማሽኑን ስብሰባ ላይ ሊያሳይ ቸኩሎ ነበር። ነጩ ሰሌዳ ከግድግዳው ወረደ፤ በቦታው ስክሪን ተሰቀለ።

ክረምቱ እስኪገባ ሥራው እንደ ዘይት ሄደ። ደዋዮቹ ጤና ጣቢያዎች ብቻ ነበሩና። መኪና ስለሚመድበው ትእዛዝ የጻፍነው "ከጤና ጣቢያ ለመጣ ጥሪ መኪና ይመድባል" የሚል ነው፤ ማሽኑም እንደ ታዘዘው ያደርግ ነበር። ከዚያ ኃላፊያችን ቁጥሩን ለየቤቱ ክፍት አደረገው። መግለጫዎቹን መልሶ ያየ የለም።

ቅዳሜ ነበር። ይበልጣል የሚባል ገበሬ ከጉንደ ወይን ወዲያ ካለ ገጠር ደወለ። ንግግሩን ኋላ ከቅጂው ሰምቼዋለሁ። ባልሰማሁት።

"ሚስቴ ወለደች፤ ደሙ አልቆም አለ!"

"የታካሚዋ ስም ማን ነው?"

"ይታይሽ።"

"ታካሚዋ ያለችው የት ነው?"

"ከቤቴ ነው እንጂ የት ትኑር!"

ማሽኑ ትእዛዞቹን አየ። መኪና የሚመድበው ለጤና ጣቢያ ጥሪ ነው ይላል፤ ይህች ያለችው ቤቷ ነው። ከሥሩ ደግሞ ታካሚዋን ካለችበት የሚያነሳ አለ። ምን ያድርግ? ከዚህ የበለጠ ልክ የሆነ ትእዛዝ የት ያገኛል? መረጠው። ተራ ውስጥ የገባው ስሟ እኛ ስክሪኑ ላይ ሳናየው ጠፋ። ለይበልጣልም መለሰለት።

"ታካሚዋ ካለችበት እንድትነሳ አዝዣለሁ። ባላችሁበት ቆዩ። ታካሚዋን አታንቀሳቅሱ።"

ቃሬዛው ተዘጋጅቶ ነበር። ጎረቤቶቹ እንደ ድሮው ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሊወጡ ደጅ ቆመዋል። ይበልጣል "ቆዩ ተብሏል፤ መኪናው እዚሁ ይመጣል" አላቸው። ቃሬዛውን አስቀመጡት።

ቆይቶ ደግሞ ደወለ።

"መኪናው የት ደረሰ?"

"ታካሚዋ ተነስታለች።"

"ማናት የተነሳች?"

"ታካሚዋ ይታይሽ ተነስታለች።"

የቀበሌው ቄስ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ይበልጣል ይህን ሲሰማ ዞሮ አያት። የተነሳች መስሎት።

እኛ ክፍል ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። "ዛሬ እግዜር ምሮናል" እያልሁ ለመሪጌታ ዳቦ እቆርሳለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ከጉንደ ወይን ዘመኔ ጀምሮ ቁጥሬን የያዙ የይበልጣል ቀበሌ ቄስ ናቸው።

"አያ ሙሉነህ፣ መኪናችሁ ምን ነካው?"

"የምን መኪና፣ አባ?"

"የይታይሽ ነዋ! ተነስታለች አላችሁን እኮ፤ ሰው ደጅ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው!"

ተነስታለች። ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ፣ ከክፍሉ ውጪ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሌላኛው በር ያን ጊዜ ፊቴ ላይ ተከፈተ። "ተሸከሟት!" ብዬ ጮህሁ። "አሁኑኑ ተሸክማችሁ ወደ አስፋልቱ ውጡ! መኪና የለም! የተላከ መኪና የለም!" የጉንደ ወይኑን ሹፌር በራሴ ስልክ አስወጣሁት። አስፋልቱ ላይ ተገናኙ። ሹፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ ቃሬዛውን ሲቀበል ፊቷን አየና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሕፃኗ ተርፋለች፤ አያቷ ዘንድ ናት።

ኃላፊያችን ሪፖርት ጻፈ። "የሥርዓት ክፍተት" ይላል። ሥርዓት ስም የለውም፣ ቤት የለውም፣ ለቅሶ አይደርስም። ኃላፊው ኋላ በሹመት አድጎ ሄደ።

መሪጌታ ግን ራሕማን "አሳዪኝ" አሏት። ማሽኑ ምን እንዳነበበ፣ ምን እንደመረጠ ስክሪኑ ላይ አወጣችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያቺን ዓረፍተ ነገር ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጮክ ብለው፣ በቅኔ ዜማ ሊሉ ምንም አልቀራቸው፣ አነበቧት። "ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ስፈልግ ኖርሁ" አሉ። "ሰሙ ሰው የሚሸከም፣ ወርቁ ሰው የሚያጠፋ። ጉባኤ ላይ አጥቼው፣ ሳልፈልገው ዘረፍሁት።" ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አልተመለሱም።

እኔና ራሕማ መግለጫዎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ጻፍናቸው። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ሌላ ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ማማሩ አያገባኝም። እያንዳንዱን መግለጫ ግቢው በር ላይ ሻይ ለምትሸጠው ሴት አነብላትና "ይህን ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ?" እላታለሁ። ከተሳሳተች ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ተመልሼ እጽፋለሁ። አንድ ቀን "አያ ሙሉነህ፣ ልጅ የምታስጠና ትመስላለህ" አለችኝ። ትሳቅ። የቃሉ ሌላ በር መጀመሪያ የሚታየው ለእሷ ነው። አዲሱን ጽሑፍ ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሄጄም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ወረቀቱን አልተቀበሉኝም። "አልችልም፣ ልጄ" አሉኝ፤ "አውራ ጣቴን ፈራሁት።" እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወዲህ በቃላቸው ያለውን ብቻ ይጸልያሉ እንጂ አያነቡም ይባላል። ተናድጄባቸው ነው የተመለስሁ። እኔንስ ማን ያርመኝ?

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ይበልጣል ክፍላችን መጣ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ቆመ።

"ሙሉነህ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ተቀመጥ።"

"የይታይሽ ባል ነኝ። ማሽኑ ተሳሳተ አሉኝ። የተጻፈለት ነገር አለ ደግሞ አሉኝ። ማንበብ አልችልም፤ እርስዎ ያንብቡልኝ።"

አሮጌውን ፈልጌ አወጣሁት። "ታካሚዋን ካለችበት ያነሳል።"

"ያነሳል ነው የሚል?"

"አዎ።"

"እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁ።"

"ማሽኑም እንደዚያው ነው የሰማ።"

"ታዲያ ሌላ የሰማው ማን ነው?"

"እኛ" አልሁት። "እዚህ ክፍል ያለነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"አሁንስ ምን ይላል?"

አዲሱን አነበብሁለት። "የታካሚዋን ስም ብቻ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ይሰርዛል። መኪና አይልክም። ማንም ሰው ወደ ታካሚዋ አይሄድም። ታካሚዋ ጤና ተቋም መድረሷን ሰው በስልክ ካላረጋገጠ በቀር ይህን ትእዛዝ አትጠቀም። ስሙ ተሰረዘ ማለት ታካሚዋ ደረሰች ማለት አይደለም።"

"ይድገሙልኝ።"

ደገምሁለት። ዐይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

"እንዲህ ብለህ መጻፍ ትችል ነበር?" አለኝ። አንቱታው ወድቋል።

"እችል ነበር።"

ዱላውን አነሳ። ወጣ።